ለባስ ዓሣ ውድ ዘንግ አያስፈልግም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ቅዳሜ ቅዳሜ ፌርፋክስ ወዳለው ቡርክ ሐይቅ ዓሣ ለማጥመድ የሚወጡ ሐበሾች በዝተዋል። ልጆቻቸውን ይዘው ሲመጡ ሳይ በጣም ደስ ይለኛል። የሚያሳዝነኝ ብዙዎቹ ገንዘባቸውን ለማይሆን የማጥመጃ ዘንግ ማፍሰሳቸው ነው።

እኔም ስጀምር ሻጩ "ጠንካራው ይሻላል" ብሎኝ ደረቅ፣ ብዙ የማይለመጥ የካርቦን ዘንግ በ180 ዶላር ገዛሁ። ክራንክቤይት የሚባለውን፣ ትንሽ ዓሣ የሚመስለውን ማባበያ እየጎተትኩ በአንድ ጠዋት ሦስት ባስ ያዝኩ። ሦስቱም ዳር ሳይደርሱ አመለጡኝ። የማባበያው መንጠቆዎች ትንንሽና ባለ ሦስት ጥርስ ናቸው። ባሱ ዘሎ ራሱን ሲያራግፍ ዘንጉ ካልተለመጠለት መንጠቆው ከአፉ ተነቅሎ ይወጣል።

አሁን የምይዘውን በ60 ዶላር ነው የገዛሁት። ርዝመቱ 7 ጫማ ነው። ፋይበርግላስ ስላለበት እስከ ወገቡ ይለመጣል። ከእጀታው በላይ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቡ። ጥንካሬው "ሚዲየም ሄቪ"፣ አለማመጡ "ሞደሬት" ወይም "ሞደሬት ፋስት"፣ የማባበያው ክብደት ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ አውንስ የሚል ከሆነ ውሰዱት። ስፒነርቤይት የሚባለው፣ የሚሽከረከር ብረት ያለው ማባበያም በዚሁ ይጎተታል። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ክሩ የሚያልፍባቸውን የዘንጉን ቀለበቶች ውስጥ ውስጡን በጥጥ ዳብሱ። ጥጡ ከተያዘ ስንጥቅ አለ፣ ክራችሁን ይበጥሰዋል።

ስለ ዓሣ ማጥመድ አንድ ዓምድ ብትከፍቱልን ምን ይመስላችኋል? በቨርጂኒያ ከ16 ዓመት ጀምሮ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ እንኳ የማያውቁ ወገኖች አጋጥመውኛል።

አክባሪያችሁ
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ