ለደሴ ከተማ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ፦ የጦር ልብሱ ከመሰብሰቡ በፊት

ለደሴ ከተማ አስተዳደር ባህልና ቱሪዝም መምሪያ
ደሴ

ጉዳዩ፦ ከየቤቱ የሚመጡ የጦር ዘመን አልባሳትና ማስታወሻዎችን አቀባበልና አያያዝ ይመለከታል

ደሴ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. በጣሊያን አውሮፕላን ተደበደበች፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ 7 ቀን ተያዘች፤ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ጣሊያን ለቀቃት። ከዚያ ወዲህም ወሎ ያልዘመተበት ጊዜ ጥቂት ነው። ስለዚህ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ካፖርት፣ ኮዳ፣ ሜዳይ፣ የግንባር ደብዳቤ አለ። መምሪያው «አምጡ» ብሎ ማስታወቂያ ቢለጥፍ ሕዝቡ ያመጣል። የምንለምነው ማስታወቂያው ጥቂት እንዲቆይ ነው፤ መጀመሪያ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መዝገብና አንድ ደረቅ ክፍል ይዘጋጅ።

ማስታወቂያው ሲወጣም ከሁሉ በላይ በጉልህ «አትጠቡ፣ በካውያ አትተኩሱ» ይበል። ሰው ለሙዚየም የሚሰጠውን ልብስ በጨዋነት አጥቦ፣ በካውያ ተኩሶ፣ የጎደለውን ቁልፍ ገዝቶ አስተክሎ ነው የሚያመጣው። ጉዳቱም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። የካኪ ኮት ትከሻ ላይ የነበረው ማዕረግ ከተነቀለ ቆይቶም ቢሆን፣ ከሥሩ ፀሐይ ያላገኘው ጨርቅ ጠቆር ብሎ ይቀራል፤ የማዕረጉ ቅርጽ በዚያ ጥላ ይነበባል፤ ዙሪያውን የመርፌው ቀዳዳ ይቆጠራል። ኮሌታው ውስጥ ደግሞ በቀለም የተጻፈ ስም ወይም ቁጥር ይኖራል። አንድ ዙር ኦሞና በረኪና ይህን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ቁልፍም እንዲሁ ነው። ዘውድ የጫነ አንበሳ ያለበት ቁልፍ የንጉሡን ዘመን ይናገራል፤ ብቻውን ግን አይታመንም፤ አሮጌ ቁልፍ በአዲስ ልብስ ላይ ይተከላልና። ክሩን ማየት ያስፈልጋል፦ የቁልፉ ክር ከኮቱ ስፌት ክር ጋር እኩል ደብዝዟል ወይ? ጣሊያኖች በኮሌታቸው ጫፍ ላይ ያደርጉት የነበረው ትንሽ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብም ከተነቀለ በኋላ የትከሻ ማዕረግ እየመሰለ በስህተት ይመዘገባል።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። የአርበኛ ዩኒፎርም የሚባል ወጥ ልብስ አልነበረም። በርኖሱ፣ ቁምጣው፣ ጋቢው፣ ዝናሩ ነው የጦር ልብሱ። «ወታደራዊ ልብስ» ብቻ ተብሎ ከተጠራ እነዚህ ከሣጥን አይወጡም።

ጠረጴዛው ላይ ልብስ ሲደርስ ኪሱ ውስጥ እጅ አይገባም። አፉ በሁለት ጣት ተከፍቶ በባትሪ ይታያል፤ ምላጭ፣ መርፌ፣ አንዳንዴም ጥይት ይኖራል። የጎማ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ይደረግ፤ የደረቀ ደምና ሻጋታ ሁለቱም ለጤና አይመቹም። ጥይት፣ ቦምብ ወይም ምንነቱ ያልታወቀ ብረት ከመጣ አይነቀነቅም፣ አይፈታም፣ ወደ ሌላ ክፍልም አይወሰድም፤ ሰው ይራቅ፣ ፖሊስ ይጠራ። በኮምቦልቻ አካባቢ በሚያዝያ 1933 ከባድ ውጊያ ተደርጓልና «ያረጀ ነው፣ አይፈነዳም» ማለት አያዋጣም። ማስታወቂያውም የጦር መሣሪያና ተተኳሽ ይዞ መምጣትን ይከልክል፤ የመሣሪያውን ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይገዛዋል።

መዝገቡ ላይ ጠንከር እንበል። ዕቃው ስጦታ ነው፣ አደራ ነው ወይስ ሽያጭ? ይህ ካልተጻፈ ሠራተኛ በተቀየረ ማግስት የአያቱን ሜዳይ ሊጠይቅ የመጣ የልጅ ልጅ የሚያነጋግረው ሰው ያጣል። የርክክብ ወረቀቱ በ3 ቅጂ ይሁን፦ አንዱ ለሰጪው፣ አንዱ ለሙዚየሙ፣ አንዱ ከሕንፃው ውጭ በሌላ ቦታ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴ ሙዚየም ከተዘረፈ በኋላ የሦስተኛው ቅጂ ጥቅም ማብራሪያ አያሻውም። ለእያንዳንዱ ዕቃ ቢያንስ 4 ፎቶ ይነሣ፦ ፊቱ፣ ጀርባው፣ ገበሩ፣ ምልክቱ፤ አጠገቡ ማስመሪያ ይቀመጥ። ቁጥሩ ዓመቱን፣ የስጦታውን ተራና የዕቃውን ተራ ይያዝ፦ 2018/7/3 እንደማለት። ልብሱ ላይ አይጻፍም፤ በጥጥ ጥብጣብ ላይ በማይለቅ ቀለም ተጽፎ፣ ከደረቀ በኋላ ገበሩ ላይ በሁለት ላላ ያለ ስፌት ይያያዛል። ፎቶግራፍ ከሆነ ከጀርባው ዳር ላይ በለስላሳ እርሳስ ይጻፋል። የተቀደደ ደብዳቤ በስኮች አይለጠፍ፤ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋል።

የደሴ ክረምት ጠላታችን ነው። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ግድግዳው ያልባል፤ የክፍሉ እርጥበት ከ65 በመቶ ካለፈ ሻጋታ ይነሣል። መደርደሪያው ከወለል 15 ሳንቲሜትር ከፍ ይበል፣ ከውጭው ግድግዳም ይራቅ፤ የእርጥበት መለኪያ ይሰቀል፤ በ45 እና በ55 በመቶ መካከል ለማቆየት ይሞከር። መጠቅለያ ፌስታል አይሁን። አቡጀዲ ይበቃል፤ ግን ስታርቹ እስኪለቅ 3 ጊዜ በሙቅ ውኃ ታጥቦ። ልብሱ የሚታጠፍበት ቦታ ሁሉ የአቡጀዲ ጥቅል ይግባበት፤ አለዚያ ካኪው በዓመታት እጥፉ ላይ ይሰነጠቃል።

የሱፍ ካፖርት ብል ይዞ ሊመጣ ስለሚችል ከሌላው ጋር ሳይቀላቀል በፕላስቲክ ታሽጎ በዲፕ ፍሪዘር ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ 2 ሳምንት ይቆይ። ሲወጣ 24 ሰዓት ሳይከፈት ይቀመጥ፤ ላቡ በፕላስቲኩ ላይ እንጂ በሱፉ ላይ እንዳይወርድ። መብራት ጠፍቶ ከቀለጠ ቆጠራው ከ1 ይጀመራል። ቅዝቃዜው ብሉን ይገድላል፤ ሻጋታን ግን ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም። ናፍታሊን ይቅር፤ ትነቱ ለሠራተኛው ጤና አይበጅም።

ሜዳይና ዘለበት ብራሶ በሚባለው የብረት መወልወያ አይወልወል። ከጠርዙ የተቀረጸውን ስም ይበላዋል፣ ሪቫኑ ላይም ነጭ ቅሪት ይተዋል። ለእይታ የሚወጣ ጨርቅ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) በላይ ብርሃን አይብራበት፤ ከ4 ወር በኋላም ወርዶ ይረፍ።

የቅርቡን ጦርነት በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። የሟች መታወቂያ፣ የአንገት ቁጥር፣ የኪስ ደብዳቤ ሲመጣ ለመስኮት ማሳያ አይደለም። መጀመሪያ የቤተሰብ ነው። የጠፉ ቤተሰቦችን በማፈላለግ የሚሠራው ቀይ መስቀል ስላለ በእርሱ በኩል ይጠየቅ፤ ቤተሰብ እስኪገኝ ታሽጎ በመዝገብ ይቀመጥ።

ለመጀመሪያው ጠረጴዛ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፦ 20 ሜትር አቡጀዲ፣ 1 ጥቅል የጥጥ ጥብጣብ፣ 2 የእርጥበት መለኪያ፣ 1 ፓኮ ጓንት፣ 1 ዲፕ ፍሪዘር፣ ቁልፍ ያለው ቁምሣጥን፣ ገጹ በቁጥር የታተመ መዝገብ። ክፍሉን መምሪያው ቢሰጠን አቡጀዲውን እኛ አጥበን እናመጣለን፤ ለሁለት ሠራተኞችም አመዘጋገቡን በነፃ እናሳያለን።

በደሴ የጦር ዘመን አልባሳትና ማስታወሻ ሰብሳቢዎች