ለባህል ኃላፊው፦ ልጄ አፏን ሸፍና መሳቅ ጀምራለች

ክቡር ኃላፊ፣

ከተማውንም ስምዎንም አልጠቅስም። ወሎ ውስጥ የባህል ቢሮ ይመራሉ፤ ያ የበዓል ምሽት ትዝ ካለዎት ይበቃል። በግል ሦስት ጊዜ መጥቻለሁ። አንዴ ስብሰባ ነበሩ። አንዴ መስክ ወጥተው ነበር። በሦስተኛው ጸሐፊዎ "ኮሜዲ እኮ ነው ጋሼ፣ ሆደ ሰፊ ይሁኑ እንጂ" ብላ ሸኘችኝ።

ያን ምሽት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርን። ኮሜዲያኑ ማይኩን እንደያዘ ከመድረክ ወርዶ ልጄ ፊት ቆመ። 9 ዓመቷ ነው። ጠይም አይደለችም፣ ጥቁር ናት፤ ቁርጥ እናቴን። "መብራት ቢጠፋ እንዳንረግጥሽ ጥርስሽን አሳዪን!" አላት። አዳራሹ አውካካ። ልጅቷም ሰው ሲስቅ አይታ ሳቀች። "ይኸው በራ!" አለ። ቀጥሎ ያመጣትን፣ ከባሪያ ፍንገላ ዘመን የተረፈችዋን ስድብ እዚህ አልደግማትም። እርስዎ ከፊት ወንበር እንባዎን በሶፍት እየጠረጉ ይስቁ ነበር። ከጀርባው የተሰቀለው ባነር "ወሎ የፍቅር አገር" ይላል።

አሁን ትምህርት ቤት መብራት በሄደ ቁጥር "ሳቂልን" ይሏታል። እሷም መሳቅ ሲመጣባት አፏን በመዳፏ ትከድናለች።

ቀልድ የማያውቅ አያድርጉኝ። ያደግኩት ባቲ ነው። ሰኞ ገበያ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው በአነጋገር ሲላከፍ ይውላል። ግን እዚያ የተነካ ሰው አፍ አለው፤ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ልጄ ማይክ አልነበራትም።

ሕጉን ያውቁታል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 24 የሰውን ክብር ይጠብቃል። የጥላቻ ንግግር አዋጁ፣ ቁጥር 1185/2012፣ ለጥበብ ሥራ በር እንደተወም አልጠፋኝም፤ ባለሙያዎ እሷኑ እየጠቀሰ ሞግቶኛል። ደህና። ልጁ ይታሰር መች አልኩ? ወጣት ነው፤ ስትስቁለት ጨመረ። ግን መድረኩ የእናንተ፣ ማይኩ የእናንተ፣ ክፍያው ከሕዝብ በጀት። አዋጁ እሱን ማረው እንበል፤ ጠርቶ የከፈለውን ቢሮ ማን ይጠይቀው?

ቪዲዮው ዛሬም ፌስቡክ ገጻችሁ ላይ አለ፣ የልጄ ፊት ጎልቶ። አንሱልኝ ብዬ የጻፍኩት ደብዳቤ መዝገብ ቤት ቁጥር ተሰጥቶት እዚያው ቀረ።

አውርዱት። ይቅርታውን ደግሞ ቢሮ ጠርተው ሻይ እየጋበዙ ሳይሆን በዚያው ማይክ ይበሉት። ልጄን ይዤ እመጣ እንደሁ ያኔ እናያለን።

የልጅቷ አባት