የትኛው ሰንጢ እንደተከለከለ ባለቤቱ ይወቅ

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ ሰንጢ ሕግ ሲነሳ ክርክሩ ሁሌ "ይከልከል፣ አይከልከል" ላይ ይቀራል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ሰው ኪሱ ውስጥ ያለው ሰንጢ ያስከስሰው አያስከስሰው፣ ፖሊስ ሳይዘው በፊት ማወቅ አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ፣ የሚቆርጠው ጠርዙ ከ3 ኢንች (7.62 ሴንቲሜትር) ያልበለጠ ታጣፊ ሰንጢ መያዝን ይፈቅዳል። ማስመሪያ ያለው ሰው ለክቶ ይረዳዋል። በኋላ ግን ፍርድ ቤት ሲከፈት የሚቆለፈውን ሰንጢ ከዚህ ፈቃድ አስወጣው። ስለቱ የቱንም ያህል ቢያጥር፣ በቂ ምክንያት ሳይኖር አደባባይ ይዞ መገኘት ወንጀል ሆነ። ይህን ስንቱ ያውቃል?

ደግሞ መቆለፊያው የተሠራው ጣት እንዳይቆረጥ ተብሎ ነው። ብዙዎቹ ላይ እጀታው ውስጥ ያለች ስስ ብረት ስለቱ ሲከፈት ከኋላው ገብታ ትደግፈዋለች። ወፍራም ገመድ ሲቆርጡ ስለቱ ተይዞ እጅ ቢዞር፣ ያልተቆለፈ ሰንጢ ተመልሶ የሚታጠፈው ጣት ላይ ነው። ሕጉ ሠራተኛውን ጣቱን ወደሚያስቆርጠው ሰንጢ ይገፋዋል ማለት ነው። ይሄ አይዋጥልኝም።

የኒውዮርኩ ደግሞ ይብስ ነበር። እዚያ ፖሊሱ ሰንጢውን ይዞ እጁን ወዝወዝ ያደርግ ነበር። ስለቱ ወጥቶ ከተቆለፈ ክልክል ነበር። የአንዱ ፖሊስ እጅ ያልከፈተውን የሌላው ይከፍተዋል፤ አዲስ ሳለ ጠንካራ የነበረው ሲያረጅ ይላላል። ብዙ ሠራተኞች ከሱቅ በግልጽ በገዙት የሥራ መሣሪያ ታስረዋል። ክልከላው የተሻረው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው።

የስለት ጥቃት ቤተሰብ ያፈርሳል። ትምህርት ቤትና አውሮፕላን ውስጥ ሰንጢ መከልከሉን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። ሰንጢ አውጥቶ ሰው የሚያስፈራራም በደንብ ይቀጣ፤ ርዝመቱ ምንም ይሁን ምን።

ከዚያ ውጪ ግን መለኪያው በዓይን የሚታይ፣ በማስመሪያ የሚለካ ይሁን። ሻጩም ዝም ብሎ ብር መቀበል የለበትም። ሰንጢው የሚቆለፍ ወይም በአንድ እጅ የሚከፈት ከሆነ፣ ይዞ መውጣት የሚያስጠይቅበት ቦታ እንዳለ በማሸጊያው ላይ በግልጽ ይጻፍ። ገዢው ከፍሎ ከመውጣቱ በፊት ያንብበው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ