ሙሽራው ሳይወለድ የደረሰው ሚዜ

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው እሑድ ቦሳ ኖቫ ስለሚባለው የብራዚል ሙዚቃ ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ ሙዚቃው እ.ኤ.አ. በ1958 ከዘፋኙ ከዡዋው ዢልቤርቶ ጊታር መወለዱን ነግራችሁን «ፒያኖ በኋላ ለማጀብ ገባ» ብላችኋል። የዢልቤርቶ ጊታር ትልቅነት አያከራክርም። ነገር ያመጣችው «በኋላ» የምትለዋ ቃል ናት።

ጆኒ አልፍ የሚባል ጥቁር ፒያኒስት ነበር፤ የሪዮ ልጅ፣ እናቱ የሰው ቤት ሠራተኛ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኮፓካባና በሚገኘው የፕላዛ ሆቴል መጠጥ ቤት ሲጫወት፣ ሊሰሙት ከሚመጡት መካከል የቦሳ ኖቫው የዜማ ደራሲ ቶም ዦቢምና ራሱ ዢልቤርቶ ነበሩ። በ1955 ሪዮን ለቅቆ ሳኦ ፓውሎ ገባ፤ እናንተ ከጻፋችሁት ልደት 3 ዓመት ቀድሞ። ሚዜው ሙሽራው ሳይወለድ ደርሶ ነበር ማለት ነው! ስሙ ግን በጽሑፋችሁ አንድም ቦታ የለም።

ዦቢምንም ከፎቶው ሥር «ጊታሪስት» ብላችሁታል። በ1967 ከአሜሪካዊው ዘፋኝ ከፍራንክ ሲናትራ ጋር ሲቀዳ ጊታር ይዟል፣ ልክ ነው። መሣሪያው ግን ፒያኖ ነው። በ1963 ኒውዮርክ የቀዳውን አልበም ስሙት፤ ዜማውን በነጠላ ኖታ የሚመራው ፒያኖው ነው። አጃቢ ያላችሁት ይኸው ነው።

«የጊታሩን ኮርድ ፒያኖ ላይ መገልበጥ» የምትሉትንም እስቲ ሞክሩት (ኮርድ ማለት አንድ ላይ የሚሰሙ ኖታዎች ናቸው)። ቤዝ ተጫዋች ካለ፣ ዶ ሜጀር ኮርድ ላይ ዝቅተኛውን ድምፅ ዶን ለሱ ትቶ ሚ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሬ መያዝ ነው፤ ዶን ታች ከደረቡበት ድምፁ ጭቃ ይሆናል። ብቻውን የሚጫወት ግን በግራ እጁ ቤዙን ተክቶ የ2/4ቱን (በየባሩ፣ ማለትም በየምት ክፍሉ፣ ሁለት ምት ያለውን) ሁለቱንም ምት ይረግጣል፤ ሁለተኛው ጠንከር ይላል፣ ሳምባ በሚባለው የብራዚል ሙዚቃ ትልቁ ከበሮ ሱርዶ እንደሚመታው። ከበሮ መቺው በከበሮው ጠርዝ ላይ የሚያሰማው ምት፣ 2 ባር ለ16 እኩል ክፍል ሲከፈል፣ አብዛኛውን ጊዜ 1፣ 4፣ 7፣ 11 እና 14 ላይ ያርፋል። ፒያኒስቱ አምስቱንም ተከትሎ ከመታ የልብስ ስፌት መኪና ሆነ። እግሩን ፔዳል ላይ ከረሳ ደግሞ በኮርዶቹ መካከል ያለው ዝምታ ይዋጣል፤ ምቱም አብሮ ይሄዳል።

እኛ ፒያኖ ተጫዋቾች መረሳቱን ለምደነዋል፤ ፎቶ ስንነሳ እንኳ መክደኛው ይጋርደናል። እርማቱን ግን እንጠብቃለን። ቦታ የለም እንዳትሉን፤ ለዢልቤርቶ ጊታር እንጨት አንድ ሙሉ አንቀጽ ተገኝቶ የለም እንዴ?

የፒያኖ መምህራን፣ አዲስ አበባ