የቅዳሜው ሥራ፦ የላቦራቶሪ ውጤትን ከበሽታ ቅኝት ጋር ማገናኘት

ውድ አባላት፣

የላቦራቶሪ ውጤት በቀጥታ ወደ በሽታ ቅኝት መዝገብ (የበሽታ ስርጭት ወደሚከታተለው) የሚገባበትን የኮድ ሠንጠረዥ፣ ማለትም ለየምርመራው የጋራ መለያ የሚሰጠውን ዝርዝር፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት፣ ፒያሳ በተለመደው አዳራሽ እንጨርሳለን።

ላፕቶፕ፣ የምርመራ ዝርዝራችሁን በኤክሴል፣ እንዲሁም ስምና ካርድ ቁጥር የተሰረዘባቸው 20 ውጤቶች ይዛችሁ ኑ። 3ቱ በኋላ የታረሙ ይሁኑ። በኤች ኤል ሰቨን መልእክት (የጤና ሶፍትዌሮች መረጃ የሚለዋወጡበት የጋራ ደንብ ነው) ጊዜያዊው ውጤት "ፒ"፣ የመጨረሻው "ኤፍ"፣ የታረመው "ሲ" ካልተባለ አንዱ የኮሌራ ታማሚ ሁለት ሆኖ ሊቆጠር ይችላል።

ዋናው ራስ ምታት ቀን ነው። ጥቅምት 30ን 30/02 ብላችሁ ብትልኩ መዝገቡ እንደ ፈረንጅ ቀን ስለሚያነበው ይመለስላችኋል፤ ፌብሩዋሪ 30 የላትማ። ይሄስ ደግ ነው። 12/02/2018 ግን ዝም ብሎ ያልፋል፤ የጥቅምቱ ታማሚ ከ7 ዓመት ተኩል በፊት በነበረ ሳምንት ይመዘገባል፣ ማስጠንቀቂያም አይመጣም። ስለዚህ ናሙና የተወሰደበት ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ፣ ዓመቱ ቀድሞ ይጻፍ።

ኔጌቲቭ ውጤትም ይላክ ወይ በሚለው ድምፅ እንሰጣለን። እኔ ይላክ ባይ ነኝ፤ ያለሱ ከተመረመሩት ስንት በመቶው ፖዘቲቭ እንደሆነ ማስላት አይቻልም።

እስከዚያው ወዲያውኑ ሪፖርት መደረግ ያለባቸው በሽታዎች የስልክ ሪፖርት አይቋረጥ።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ የምትጠቀሙበትን ሶፍትዌር ስም ጽፋችሁ መልሱልን።