ለወንድሜ፣ ስለዚያ ስለ ኪንታሮቱ

ወንድሜ፣ እንዴት ከረምክ? ልጆቹስ፣ እማማስ ደህና ናቸው? ከስንት ዘመን በኋላ ድምፅህን ሰምቼ ደስ ሲለኝ፣ በመጨረሻ "ኪንታሮት ይዞኛል፣ ደምም አያለሁ" ያልከኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ረዳትህ አጠገብህ ስለነበር በደንብ አልተጫወትንም። ብቻህን ስትሆን ይሄን አንብበው።

ከሁሉ በፊት፣ "በአንድ ቀን ነቅዬ እጥልልሃለሁ" ያለህ ሰውዬ ጋ እንዳትሄድ። በእናትህ! እንደሱ ያሉ ሰዎች የሚቀቡት የሚያቃጥል ነገር ደህናውንም ሥጋ ይበላዋል። ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ሆኖ መውጫውን ያጠበዋል፣ ከዚያ በኋላ ሽንት ቤት መሄድ ራሱ ስቃይ ነው። እንዲህ ሆነው ፋርማሲ የመጡ ሰዎች አይቻለሁ፤ የሚያሳዝነው፣ ብዙዎቹ አፍረው ነው ሐኪም ቤት ሳይሄዱ የቀሩት።

ኪንታሮት ያበጠ የደም ሥር ነው። ብርድ መታኝ ያልከው አይደለም። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ ትቀመጣለህ፣ በዚያ በአፋር ሙቀት መኪና ላለማቆም ብለህ ውሃ አትጠጣም፣ እንቅልፍ እንዳይጥልህ የምትቅመው ጫት ደግሞ ሆድ ያደርቃል። ሲደርቅ ታምጣለህ፣ ስታምጥ ያብጣል። ስለዚህ ድርቀቱን ሳታስተካክል የትኛውንም ቅባት ብትቀባ ተመልሶ ይመጣል። ውሃ ጠጣ፣ ጎመን፣ ምስር፣ ተልባ አብዛ። ሰገራህ ሲመጣ አትያዘው፣ ስልክ ይዘህም ሽንት ቤት አትቀመጥ። ቤት ስትገባ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አድርገህ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ተቀመጥበት፣ በቀን ሁለት ሦስቴ። ጨውም ዴቶልም አያስፈልገውም።

መድኃኒቱን በተመለከተ፣ ሃይድሮኮርቲዞን ያለበት ቅባት ማሳከኩንና እብጠቱን ያስታግሳል፣ ግን ከአንድ ሳምንት በላይ አትቀባው፣ ቆዳ ያሳሳል። አንዳንዱ ቅባት ደም ሥር የሚያጠብብ ነገር አለበት፤ አንተ ደግሞ ግፊት አለብህ፣ ስለዚህ ስትገዛ ሳትናገር እንዳትወስድ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃሃል፣ ባለ 500ው በቀን ከ8 ፍሬ አይለፍ። ያቺን መንገድ ላይ የምትውጣትን ዲክሎፌናክ ግን ተዋት፤ ግፊት ትጨምራለች፣ ጨጓራ ትልጣለች፣ መድማቱንም ታብሳለች። ትራማዶልማ ጭራሽ ሆድ ያደርቃል።

አሁን ስለ ደሙ። ከሰገራ በኋላ ጠብ የሚል ደማቅ ቀይ ደም ብዙ ጊዜ ከኪንታሮት ነው፣ ግን "ብዙ ጊዜ" ስላልኩ አትዘናጋ። የአንጀት ካንሰርም ያደማል፣ አንተም 45 አልፈሃል። ሰገራህ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ከከሳህ፣ ወይም ደሙ ብዙ ሆኖ ካዞረህ በዚያው ቀን ሆስፒታል ግባ፣ እኔን አትጠብቅ። እንዲህ ካልሆነም መታየትህ አይቀርም። ሐኪሙ በጣቱ ነው የሚመረምርህ፣ ቶሎ ያልቃል፣ በየቀኑ የሚያየው ነገር ነው። ኪንታሮቱ የውስጥ ከሆነ በላስቲክ ቋጥረው ያደርቁታል፣ ሁሉም ሰው ኦፕራሲዮን አይሆንም።

ጭነቱን አራግፈህ የምትገባበትን ቀን ጻፍልኝ፣ ፈረቃዬን ቀይሬ አብሬህ እሄዳለሁ።