ሕመምተኛውን ራሱን ጠይቁት

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ሰሞኑን በጤና ዓምዳችሁ የድብርት ምልክቶችን ዘርዝራችሁ አነበብኩ። ስለ አእምሮ ሕመም በግልጽ መጻፋችሁ ደስ ይላል። ነገር ግን «ከዘጠኙ አምስቱ ለሁለት ሳምንት ከታዩብዎ» ብላችሁ አበቃችሁ። የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝና እዚያ ላይ ማቆማችሁ አሳሰበኝ። ከአምስቱ አንዱ የግድ የስሜት መጨለም ወይም ደስ ይል የነበረ ነገር ሁሉ ማስጠላት መሆን አለበት። ሥራና ኑሮንም ማወክ አለበት። ይህን ደግሞ ቁጭ ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንጂ ዝርዝር አይለየውም።

በእኛ ሙያ ደም ተወስዶ ወይም ራጅ ተነስቶ «ይኸው ድብርት» አይባልም። ላብራቶሪ የምንልከው ሌላ ሕመም እንዳይሆን ለማጣራት ነው። የእንቅርት ሆርሞን ሲያንስ ሰው ይደበታል፤ ሲበዛ ይረበሻል። የሚጥል በሽታም፣ ኤችአይቪም፣ ጫትም የአእምሮ ሕመም መስለው ሊመጡ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ ዋናው መሣሪያችን ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የኒውዮርክ ሐኪሞች ስኪዞፍሬንያ (የሌለ ድምፅ የሚያሰማ፣ ከእውነታ የሚያራርቅ ከባድ የአእምሮ ሕመም) የሚሉት ሰው ከለንደኖቹ እጅግ ይበዛ ነበር። ተመራማሪዎች የሁለቱን ከተሞች ሕሙማን በአንድ ዓይነት ቃለ መጠይቅ ሲመረምሯቸው ልዩነቱ በአብዛኛው ጠፋ። የተለያየው የሐኪሞቹ አጠያየቅና አሰያየም ነበር።

ታዲያ እኛ ጋ ማን ነው የሚጠየቀው? ብዙ ጊዜ የማየው ይህን ነው። ታማሚው ከእናቱ ወይም ከወንድሙ ጋር ይገባል። ባለሙያው ካርዱ ላይ እንዳቀረቀረ «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ አስታማሚውን ይጠይቃል። ታማሚው ስለ ራሱ ሲወራ ዝም ብሎ ይሰማል። ውጭ ወረፋው ረጅም ነው፤ የባልደረቦቼ ድካም ይገባኛል። ቢሆንም ትክክል አይደለም።

አንዲት ወጣት ከዓረብ አገር ተመልሳ ወንድሟ ይዟት መጣ። ሌላ ቦታ ታይታ የስኪዞፍሬንያ መድኃኒት ጀምራለች። ካርዷ ላይ «ድምፅ ትሰማለች» ተብሎ ተጽፏል። ወንድሟን ውጭ እንዲጠብቅ ለመንኩት።

«መቼ ነው የምትሰሚው?»

«እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል።»

«የማን ድምፅ ነው?»

«የማዳም። ስሜን ትጠራኛለች።»

ያኔ ልቧ እየደለቀ ብድግ ትላለች። በሩ መቆለፉን ደጋግማ ታያለች። እዚያ ቤት የደረሰባትን ወንድሟ አያውቅም፤ እሱ ባለበት ትንፍሽ አትልም ነበር። ሐኪሟ እንደገና አየቻት። ሕመሙ ከደረሰባት ግፍ የመጣ የጭንቀት ሕመም ሆኖ ተገኘ፤ ሕክምናዋም ተለወጠ። ለዚህ የፈለግነው የተዘጋ በርና ጥቂት ተከታይ ጥያቄዎች ብቻ ነው።

ቤተሰብ ይባረር ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በቡታጅራ ከ68 ሺህ በላይ ሰው ቤት ለቤት ሲጠየቅ፣ በቃለ መጠይቁ ያልታዩ ሕሙማንን የጠቆሙት ኅብረተሰቡን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ድብርት የያዘው ሰውም ከዓመት በፊት ሳይተኛ እያደረ፣ ገንዘቡን እየበተነ፣ ዓለም የእኔ ናት ሲል እንደነበር ላይነግረን ይችላል። እህቱ ግን አትረሳውም። ያ ካመለጠን የድብርት መድኃኒት ብቻውን ተሰጥቶት ወደዚያው ከፍታ ሊወረወር ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ታማሚው ለብቻው፣ ቀጥሎ ቤተሰቡ ይጠየቅ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ባለሙያም ቤተሰብም ይሸሸዋል። «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን ሰው ውስጥ አይተክልም። እንዲያውም ብዙዎች ሲጠየቁ እፎይ ይላሉ። ጸበል እንደሄደ ስንጠይቀውም ቁጣ አይኑርብን። ከተቆጣን ይደብቀናል፤ መድኃኒቱን ማቆሙንም አይነግረንም።

በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ እባካችሁ ይህን ጨምሩበት። አንባቢ የሚወደውን ሰው ይዞ ሲሄድ «ለብቻው ቢያናግሩት? እኔ ውጭ እጠብቃለሁ» ማለት ይችላል። የጤና ተቋማት ኃላፊዎችም ለአዲስ ታካሚ ከክትትል ወረፋው የተለየ፣ ረዘም ያለ ሰዓት ይመድቡ።

የአእምሮ ሕክምና ነርስ፣ ከአዲስ አበባ